ሚዛኑን ማን አበጀው?

እኔ በምኖርበት በአስኮ ሠፈር አንድ የእህል ነጋዴ አለ። ጤፍ ሊገዙ የሚመጡ እናቶች ከማስመዘናቸው በፊት "እስቲ ሚዛኑን ባዶውን አሳየን" ይሉታል። ሰውየውም ሳይቈጣ ሳህኑን ጠርጎ መርፌው በዜሮ ላይ መቆሙን ያሳያቸዋል። ከዚህ በኋላ እርሱ ይመዝናል፥ እነርሱም ይከፍላሉ፤ ክርክር የለም። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ቆሜ ተመልክቼዋለሁ። ሰው መመዘንን አይጠላም፤ የሚጠላው ያላየውን ሚዛን ነው።

የሰው ሥራም እንዲሁ ነው። ሥራው የማይመረመር ሰው ሌላውን ቀርቶ ራሱንም ያታልላል። ነገር ግን መርማሪው መለኪያውን ሥራውን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ሳይመክር ያበጀው እንደ ሆነ፥ ምርመራው ፍርሃትን ያመጣል፥ ትጋትን ግን አያመጣም። በዚህች ጽሑፍ ልተች ያሰብሁት በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ላይ የተዘረጋውን የተጠያቂነት ሥርዓት ነው። ተጠያቂነት ይቅር ብዬ ለመከራከር አልተነሣሁም። መለኪያው ሲወጣ የመምህሩ ቃል የት ነበረ ብዬ ለመጠየቅ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ "ይህ የመምህራንና የሹማምንት ጉዳይ ነው፥ እኔን ምን አገባኝ" አትበል። አንቺም እኅቴ እንዲህ አትበዪ። ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትገባላችሁ፥ ወይም አሁን በዚያ ናችሁ። መምህሩ የሚመዘንበት ሚዛን የተዛባ እንደ ሆነ ጕድለቱ በመጨረሻ የሚያርፈው በእናንተ ዕውቀት ላይ ነው። ከእናንተም ያልፋል፤ ሐኪም ብትሆኑ በታመመው፥ መሐንዲስ ብትሆኑ በድልድዩ፥ መምህር ብትሆኑ በሕፃናቱ ላይ ይታያል።

የተጠያቂነት ጥያቄ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆት እንዳይኖርበት ተብሎ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈተኑ። ውጤቱ ሲገለጥ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ለሕግ ተማሪዎች ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ከዚህ በኋላ አገሩ ሁሉ "ለመሆኑ መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሰደደ አባት እንዲህ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ደግሞ እውነቱን እንናገር። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በመምህርነት የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ የመምህራንን ነውር ከሌላው ሰው ይልቅ አውቀዋለሁ። ከዐሥር ዓመት በፊት የጻፈውን ማስታወሻ ወረቀቱ ቢጫ እስኪሆን ድረስ እያነበበ የሚያስጽፍ መምህር አለ። ከሦስት ክፍለ ጊዜ አንዱን የሚቀር፥ የፈተና ወረቀት አርሞ የማይመልስ፥ ተማሪው "የት ላይ ሳትሁ?" ብሎ ሲጠይቀው እንደ ተደፈረ የሚቈጥር አለ። ከዚህም የከፋው ሴት ተማሪን በነጥብ የሚያስፈራራ ነው፤ ይህ ሰው የመምህርነት ስም አይገባውም። እነዚህ ሁሉ ጠያቂ ያስፈልጋቸዋል። ጠያቂ የሌለው መምህር ቤቱን እንዳሻው እንደሚያስተዳድር ክፉ ጌታ ይሆናልና።

የጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት በዚህ ነገር የራሱ መንገድ ነበረው። የቅኔው መምህር ከማንም የቍጥር መለኪያ አይመጣለትም ነበር፤ ነገር ግን ተጠያቂ ነበር። ተማሪው ኰቸሮውን ተሸክሞ ከአገር አገር እየዞረ መምህር ይመርጣል፤ ዕውቀት ያጣበትን ጉባኤ ጥሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቅኔውም በሰው ፊት ይነገራል፥ ጥፋቱም በሰው ፊት ይታረማል። "የማን ተማሪ ነህ?" ተብሎ ሲጠየቅ የመምህሩ ስም ከተማሪው ጋር ይመሰገናል ወይም ያፍራል። ሚዛኑን ያበጁት ራሳቸው ባለሙያዎቹ ነበሩ፥ ሕዝቡም ያየው ነበር። ይህን ስል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዱላውም ድንቍርናውም ነበረበት። ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥራውን እንዲመዝን የማድረግ ልማድ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

እኔን ያሳደገኝ ግን የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዳይሬክተሩ አልፎ አልፎ ወደ ክፍል ገብቶ ከኋላ ወንበር ላይ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ ነበር። በእጁ ወረቀት አይዝም። ትምህርቱ ሲያልቅ እርሱና መምህሩ ከባሕር ዛፎቹ ሥር እየተመላለሱ ረጅም ጊዜ ይነጋገራሉ። በሌላ ቀን ደግሞ ዳይሬክተሩ ሲያስተምር መምህራኑ ከኋላ ተቀምጠው አየን። በልጅነቴ ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ግን ገብቶኛል። መርማሪው ራሱም ይመረመር ነበር።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተስፋፋ፤ በ1967 ዓ.ም. አሁን የሚጠራበትን ስም አገኘ። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን አንድ ጽኑ ግዴታ ወጥቶ ነበር፤ ይኸውም ተማሪው ዲግሪ ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል የሚያዝዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ሸክሙ ከባድ ነበር፥ ያጕረመረመም ነበር። ነገር ግን ደንቡ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተመክሮበት የወጣ ስለ ሆነ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በዚያ ዓመት ያስተማሩአቸው ልጆች ኋላ ለብዙ ቦታ በቅተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን በመምህራን ልብ ፍርሃትን ተከለ። ሁሉን መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። በ1985 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው በጥይት ተበተኑ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ያየ መምህር "ልንመዝንህ ነው" ሲሉት የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። መለኪያ ሁሉ መባረሪያ ይመስለዋል። ይህን ፍርሃት ያላወቀ ሹም ደግሞ መምህሩ ዝም ሲል የተስማማ ይመስለዋል።

በሕግ በኩል ብዙ ተጽፎአል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 351 የትምህርቱን አግባብነትና ጥራት የሚመረምር ኤጀንሲ አቋቋመ። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 650፥ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1152 ተከተሉ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ የሚፈቅደው አዋጅ ቍጥር 1294 ወጣ፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝ የሆነውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሕጎቹ ጎን ለጎን በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ከዚያም ውጤት ተኮር የተባለው ምዘና መጣ፤ የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ነበረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች በቁልፍ የሥራ አፈጻጸም መለኪያዎች ላይ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ውል መፈራረም ጀምረዋል። ሕጉ ሴኔትን ያውቃል፥ የትምህርት ክፍል ጉባኤንም ያውቃል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ጉባኤዎች የሚሰበሰቡት መለኪያው ካለቀ በኋላ ስለ አፈጻጸሙ እንዲነገራቸው ነው። ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል፥ ዲኑ ያከፋፍላል፥ መምህሩ ይሸከማል።

መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ብንመለከት የመምህሩ ምክር አለመጠየቁ የት ላይ እንደ ጎዳ ይታያል።

የመጀመሪያው ተማሪዎች ለመምህራቸው ነጥብ የሚሰጡበት ቅጽ ነው። ተማሪው የሚያውቀው ነገር አለ፤ መምህሩ በሰዓቱ መግባቱን፥ ፈተናውን አርሞ መመለሱን፥ ተማሪን ማክበሩን ያውቃል። ስለዚህ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን መምህሩ የትምህርቱን ጥልቀት ያውቅ እንደ ሆነ፥ የሚያስተምረው መጽሐፍ ያረጀ ይሁን አዲስ፥ ተማሪው ገና ያልተማረውን ነገር እንዴት አድርጎ ይፈርዳል? ይልቁንም ቅጹ የሚሞላው የፈተና ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን ነው። መምህሩ በነጥብ ይፈራል፥ ተማሪውም በነጥብ ይፈራል። ሁለት የሚፈራሩ ሰዎች ሲመዛዘኑ ሁለቱም ይለዝባሉ፤ በመካከላቸው የሚጠፋው ትምህርቱ ነው።

ሁለተኛው የጥናት ጽሑፎች ቍጥር ነው። ምርምር የዩኒቨርሲቲ ነፍስ ነው። ነገር ግን "በዓመት ይህን ያህል አሳትም" የሚል ትእዛዝ ብቻውን ሲመጣ፥ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምርመራ የሚያትሙ መጽሔቶች በዓለም ላይ በሽ ናቸውና መምህሩ ወደዚያ ይሄዳል። ሦስት ዓመት የሚፈጅ የአፈር ጥናት ከያዘው ሰው ይልቅ አንዱን ጽሑፍ ለሦስት የቆረጠው ይመሰገናል። ይህን አንድ የግብርና መምህር ቢጠየቅ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያስረዳ ነበር።

ሦስተኛው የመውጫ ፈተናው ውጤት ነው። ፈተናውን እደግፋለሁ፤ ለአገሩ ሁሉ አንድ የሆነ፥ ማንም በወዳጅነት የማያሳልፍበት መለኪያ መኖሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ውጤቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲን ከዩኒቨርሲቲ፥ መምህርን ከመምህር ማወዳደር ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ንብረታቸው ተዘርፎና ተሰባብሮ ነበር፤ በትግራይ ያሉትም ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር። ቤተ ሙከራው የተዘረፈበትን መምህር ቤተ ሙከራው በሰላም ከኖረለት ጋር በአንድ ቍጥር መመዘን ፍርድ አይባልም። ደግሞም ተማሪው ደካማ ሆኖ ከገባ፥ በአራት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ተራመደ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የቆመበትን ብቻ ማየት አይበቃም።

ይህ በሽታ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1862 ሮበርት ሎው የተባሉ ሹም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ በልጆቹ መገኘትና በንባብ፥ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና ውጤት እንዲወሰን አደረጉ። ሐሳቡ ቀላልና የሚያምር ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መምህራኑ ለፈተና የማይቀርበውን ታሪክና ጂኦግራፊ ተዉት፤ ልጆቹም የንባብ መጽሐፋቸውን በቃላቸው አጥንተው ከፈታኙ ፊት እንዳነበቡ ሆነው ይወጡት ጀመር። ባለ ቅኔው ማቲው አርኖልድ ራሱ የትምህርት ቤት መርማሪ ነበረና ትምህርቱ ነፍስ እንዳጣ ደጋግሞ ጻፈ። ሥርዓቱ ግን እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በክፍል ውስጥ የነበሩት መምህራን ያወቁትን ነገር ሹማምንቱ የሚሰሙበት በር አልነበረም።

በአሜሪካም በአትላንታ ከተማ መምህራንና ዳይሬክተሮች በፈተና ውጤት ሲመዘኑ፥ ውጤቱ ባልተጠበቀ ፍጥነት አደገ፥ ከተማይቱም ተመሰገነች። በ2011 በፈረንጅ አቆጣጠር መርማሪዎች ሲያጣሩ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ዳይሬክተሮች የልጆቹን መልስ በማረም ወይም በመሰለው ማጭበርበር ተጠርጥረው ተገኙ፤ በ2015ም ዐሥራ አንድ ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ። እነዚያ ሰዎች ጥፋተኞች ናቸው፥ አላስተባብልም። ነገር ግን ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሌባ ሆኖ አይወለድም። ሚዛኑ ራሱ አስተማራቸው።

ስለ ሌሎች ኃጢአት ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ራሴ ዝም ማለት አይገባኝም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ተሰብስበን መመሪያ ተነበበልን፤ ይኸውም ከተወሰነ ቍጥር በላይ ተማሪ የሚወድቅበት መምህር ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብና ነገሩ በሥራ አፈጻጸም ነጥቡ ላይ እንዲታሰብ የሚል ነበር። አንድ አረጋዊ መምህር እጃቸውን አውጥተው "ይህ ሲወጣ ከመምህራን ማን ተጠየቀ?" አሉ። "ከላይ የወረደ መመሪያ ነው፤ የምንወያየው ስለ አፈጻጸሙ ብቻ ነው" ተባሉ። ተቀመጡ። እኔም ዝም አልሁ፤ ሁላችንም ዝም አልን።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ክፍልፋይን በትክክል መደመር የማይችሉ ሰባት ተማሪዎች በእጄ ነበሩ። ሁለት ሌሊት አሰብሁበት። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፥ የደረጃ ዕድገቴም ቀርቦ ነበር። ሰባቱንም አሳለፍኋቸው። ለራሴም "ወደ ሥራ ሲገቡ ይማሩታል" ብዬ ነገርሁት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች። የቤት ሥራዋ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ የሚል ነበር፤ እርስዋም ሁለት አምስተኛ ብላ መልሳለች። በቀይ እስክሪብቶ ትክክል የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ትክክለኛው መልስ አምስት ስድስተኛ ነው። ምልክት ያደረገውን መምህር ስም ስጠይቃት ከሰባቱ አንዱ ሆኖ አገኘሁት። ይኸውም ያን ጊዜ በፈተና ወረቀቱ ላይ የጻፈው ስሕተት ራሱ ነበር።

በዚያ ማታ ልጅቱን አስቀምጬ በእንጀራ ቍራሽ አስረዳኋት፤ ወዲያው ገባት። ነገር ግን በክፍልዋ ስድሳ ልጆች አሉ፤ ለእነርሱ ማን ያስረዳቸዋል? ያን መምህር ለመውቀስ አልሄድሁም። በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? መመሪያውን ያወጡት ሰዎች በደል አለባቸው፤ የፈረመችው እጅ ግን የእኔ እጅ ናት። መጥፎ ሚዛን ለደካማ ኅሊና ምክንያት ይሆነዋል እንጂ ይቅርታ አይሆነውም።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ ይቃወሙኛል። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ መምህራን የራሳቸውን መለኪያ እንዲያወጡ ከተፈቀደላቸው የሚቀላቸውን ያወጣሉ" ይላሉ። ይህ የማይናቅ ነገር ነው። ሐኪሞች ብቻቸውን በሐኪሞች ላይ፥ ነጋዴዎች ብቻቸውን በነጋዴዎች ላይ ቢፈርዱ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እኔ ግን መምህራን ብቻቸውን ይቁረጡ አላልሁም። ምክር መጠየቅ ሌላ ነው፥ ሥልጣንን ማስረከብ ሌላ ነው። ግብር ከፋዩ ሕዝብ፥ መንግሥት፥ ተማሪውና ወላጁ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሥራውን ዕለት ዕለት የሚሠራው ሰው የሚያውቀውን ስንጥቅ ከውጭ ያለ ሰው አያየውም። ሌላው ደግሞ "ምክር ጊዜ ይፈጃል" ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ምዘና ገብቶ ስንቱ እንደ ወጣ የሚያስታውስ ሰው፥ ጊዜ የጠፋው በምክር ይሁን በችኰላ ይፍረድ።

መምህራንንም ሳልወቅስ አላልፍም። በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የቤት ኪራዩን መክፈል ያልቻለ መምህር ስለ ምርምር ሊያስብ አይችልም። ነገር ግን ለደመወዝ ያገኘነውን ድፍረት ለሚዛኑ ለምን አጣነው? "ይህ መለኪያ ተማሪውን ይጎዳል፥ በእርሱ ፈንታ ይህን አድርጉ" ብሎ በአንድነት ጽፎ ያቀረበ የትምህርት ክፍል ስንት ነው? መምህሩ የሚናገረው ስለ እንጀራው ብቻ ሲሆን ሕዝቡ ስለ ሥራው ግድ የለውም ብሎ ያስባል። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው እንደሚባለው፥ ሚዛኑን ለማቅናት አስቀድመው መድከም ያለባቸው ራሳቸው መምህራን ናቸው።

እንግዲህ ተችቶ ዝም ማለት የሰነፍ ሥራ ነውና የሚመስለኝን ልናገር። አንደኛ፥ ማንኛውም መለኪያ ከመጽናቱ በፊት ረቂቁ ለየትምህርት ክፍሉ ይላክ፤ ለመልስም ቢያንስ አንድ መንፈቀ ዓመት ይሰጥ። መልሱም በጽሑፍ ይሁን፤ ሐሳቡን ያልተቀበለው አካል ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይመልስ። ሁለተኛ፥ አዲስ መለኪያ በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ዓመት ይሞከርና ጕዳቱና ጥቅሙ ይታይ። ሦስተኛ፥ መምህሩ ሊቈጣጠረው በሚችለው ነገር ይመዘን፤ ክፍል በመግባቱ፥ ትምህርቱን በመፈጸሙ፥ ወረቀት አርሞ በመመለሱ፥ የፈተና ጥያቄዎቹም በባልንጀራ መምህር ተመርምረው በመገኘታቸው። አራተኛ፥ ሚዛኑ ወደ ላይም ይውጣ። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሌለው፥ ቤተ ሙከራው ባዶ የሆነ፥ በአንድ ክፍል የታጨቀው ተማሪ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ለዚህ ዲኑ፥ ፕሬዚዳንቱ፥ ቦርዱና ሚኒስቴሩ ይጠየቁ። አምስተኛ፥ በመለኪያው ላይ የተናገረ መምህር በመናገሩ እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ደንብና አቤት የሚልበት ቦታ ይኑር። ይህ አምስተኛው ከሌለ አራቱ ከንቱ ናቸው፤ የፈራ ሰው የሚሰጠው ምክር የሹሙን ቃል መልሶ ማሰማት ብቻ ነውና።

ወጣቶች ሆይ፥ ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። መምህራችሁን እንድትመዝኑ ቅጽ ሲሰጣችሁ በፍርሃትም በቂምም አትሙሉት። ነጥብ የነሣችሁን ጨካኝ፥ ያለ ሥራ ነጥብ የሰጣችሁን ደግ አትበሉት። ያላወቃችሁትን ነገር አላውቅም ብላችሁ ተዉት። ቀን ወጥቶላችሁ ሹም ወይም ዲን ስትሆኑም፥ በጠረጴዛችሁ ላይ አንድ መለኪያ ሲቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት "በዚህ የሚመዘኑት ሰዎች አይተውታል ወይ? ምን አሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። መምህር የምትሆኑ ደግሞ በስብሰባ ላይ አንድ አረጋዊ እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ ብቻውን አትተዉት። እኔ ያን ቀን ብነሣ ኖሮ መመሪያው ይቀር ነበር ብዬ አልመካም። ነገር ግን ተነሥቶ የተናገረ ሰው እነዚያን ሰባት ለማሳለፍ እንደ እኔ ባልቀለለው ነበር።